የሐዘኑ ባለቤት

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚሄድ ሚኒባስ ሰው ሳይሞላ አይነሣም። ሲሞላም አይነሣም፤ የሚነሣው ከሞላ በኋላ ሌላ ሰው ሲታጨቅበት ነው። ይህን የሚያውቁት አቶ ዘርአ ዳዊት በማለዳ መጥተው የመስኮቱን ወንበር ያዙና ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ተቀመጡ። ዐይናቸውን ሊታከሙ መጥተው ከልጃቸው ቤት ሰንብተው ነበር። ዐይናቸው ተሽሏል፤ አሁን የናፈቃቸው የአንኮበር ጉምና የገዛ አልጋቸው ነው። ውጪ የኅዳር ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎታል፤ ረዳቱ ደግሞ «አንድ ሰው ብቻ! አንድ ሰው!» እያለ መኪናውን በሰው ይሞላል።

ጥቁር ሻሽ ያሰረች አንዲት ወጣት ሴት ገባችና፣ «እንደምን አደሩ አባባ? እዚህ ሰው አለ?» አለቻቸው።

«እግዜር ይመስገን። ኧረ ነይ ተቀመጪ ልጄ፤ በዚህ ብርድ ሰው ሲበዛ ይሻላል» አሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉላት።

መኪናው ተነሥቶ ከከተማው እንደ ወጣ ከኋላ ወንበር የአንዲት ሴት ስልክ ጮኸ። ሴትዮዋ «ሃሎ! አይሰማኝም፣ ጮክ በይ! ማን? ማን ዐረፈ?» አለች። ከዚያ በኋላ የተሰማው ቃል ሳይሆን ጩኸት ነበር። ወንድሟ ለሚ በምትባል ከተማ ሞቶ ኖሯል። ይህንንም በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ፣ በባዶ ሆዷ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ተጣብቃ ተቀምጣ ሰማች።

«ሾፌር፣ አቁም!» አሉ አቶ ዘርአ ዳዊት። ድምፃቸው እንዲህ መውጣቱ ለራሳቸውም ገረማቸው። እሳቸው ከወንበራቸው እስኪነሡ ድረስ ባለ ጥቁር ሻሿ ከኋላ ደርሳ የሴትዮዋን ሁለት እጆች ይዛ ነበር። «አይዞሽ» አላለቻትም፤ «አትጩኺ»ም አላለቻትም። ዝም ብላ ያዘቻት። አቶ ዘርአ ዳዊት ደግሞ ተሳፋሪውን ሁሉ ቃኝተው፣ «ከዚህ መሐል የዚች ሴት አገር ሰው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጎረቤቶቿ የሆኑ ሁለት ሴቶች ተገኙ። ሽማግሌው ሦስቱን አስወርደው ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለስ መኪና ካሳፈሯቸው በኋላ፣ «ብቻዋን እንዳትተዉአት። ለሚ ሳትገቡ ደግሞ እህል አቅምሷት፤ እሺ ባትል እንኳ ለምኗት» ብለው አሰናበቷቸው።

መኪናው እንደገና ሲንቀሳቀስ ሁለቱ ተመልሰው ጎን ለጎን ተቀመጡ። በመስኮቱ ያለፈው የገብስ ማሳ ታጭዶ ነዶው ተከምሯል።

«በስልክ!» አሉ አቶ ዘርአ ዳዊት። «መርዶ በስልክ! እንደ ሽንኩርት ዋጋ! ምን ዘመን ላይ ደረስን?»

«እውነትዎን ነው አባባ። በጣም ከባድ ነው» አለች ወጣቷ። «እርስዎ ግን ነገሩን የለመዱት ይመስላሉ።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ዘርአ ዳዊት ነኝ» አሉ።

ይህ መልስ ለአንኮበር ሰው በቂ ነበር። እሷ ግን አልገባትም፤ አንባቢም አይገባውምና እንንገረው። በአንኮበርና በዙሪያዋ ሰው ሩቅ አገር ሞቶ ዘመድ እዚህ ያለ እንደሆነ፣ ወይም እዚህ ሞቶ ዘመዱ ሩቅ ያለ እንደሆነ፣ መርዶውን የሚናገሩት አቶ ዘርአ ዳዊት ናቸው። ማንም አልሾማቸውም። የካህን ልጅ ስለሆኑ፣ አንደበታቸውም ለዘብ ያለ ስለሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋሽተው ስለማያውቁ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ይሮጣል። የዕድሩም ዳኛ ናቸው።

«ድሮ መርዶ ወግ ነበረው» አሉ፣ ዐይናቸውን በመስኮቱ ወደ ውጭ ልከው። «መንገዱ እንዲህ ሳይጠረግ እኔና፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባልንጀራዬ ወልደተንሣኤ ገደሉን በእግራችን ወርደን ጎሕ ሲቀድ እንደርሳለን። ደርሰን ግን ዘው አንልም። መጀመሪያ ጎረቤቱን ቀስቅሰን፣ ሰውዬው እህል ቀምሶ ማደሩን እንጠይቃለን። የታመመ ከሆነ፣ ወይ ሴትዮዋ አራስ ከሆነች፣ ቀን እናሳልፋለን። በዓመት በዓል ዋዜማ አናረዳም። ከዚያ የሚወዱት ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ከኋላው፣ አንዱ ከጎኑ ይቆማል። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ሳይዘጋጅ ቃል ከአፋችን አይወጣም።»

«ደስ ሲል!» አለች ወጣቷ፤ ወዲያውም ቃሏ የማይገባ መስሏት አፈረች። «ማለቴ፣ ለሰው እንዴት እንደታሰበ።»

«ኧረ ልክ ነሽ፣ ያምር ነበር። አንድ ችግር ብቻ ነበረብኝ» አሉና ፈገግ አሉ። «ለደስታ እንኳ ሰው ቤት በጠዋት መሄድ አልችልም። አንድ ቀን በግ ልገዛ ሄጄ ባለቤቲቱ ከሩቅ አይታኝ ዋይታዋን አቀለጠችው። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ‹ማን ሞተ?› ሲለኝ ‹ኧረ ማንም፤ በግ ነው የፈለግሁት› ብላቸው ሊደበድቡኝ ምንም አልቀራቸው። ከዚያ ወዲህ ከአጥር ውጭ ሆኜ ‹በደህና ነው! በደህና ነው!› ሳልል የሰው ደጅ አልረግጥም።»

ወጣቷ ከልቧ ሳቀች። ሳቋ ካለፈ በኋላ ግን እንዲህ ስትል ጠየቀቻቸው፦ «ለልጅስ አባባ? ለልጅ እንዴት ነበር የምታረዱት?»

«ለልጅ?» ጥያቄው እንግዳ ሆነባቸው። «ለልጅ መርዶ አይነገርም።»

«ለምን?»

«የልጅ አንጀት ለጋ ነዋ! ለቅሶው ቀን ጎረቤት ቤት ይወሰዳል። ‹እናትህ ጠበል ሄዳለች› ይባላል። ልጅ ነው፣ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ይረሳዋል፤ ነፍስ ሲያውቅ ደግሞ ራሱ ይደርስበታል። እኛም ያደግነው እንዲሁ ነው። ምን ሆንን?»

«ሥራዬን አልነገርኩዎትም» አለች ወጣቷ። «ስሜ ሰሊሃ ይባላል፤ የተወለድሁት አልዩ አምባ ነው። ደብረ ብርሃን ችግር የወደቀባቸውን ልጆችና ቤተሰቦቻቸውን እየደገፍሁ ነው የምሠራው። እናት የሞተችበት፣ አባት የጠፋበት፣ ቤቱ የተበተነበት ልጅ ሲገኝ ወደ እኛ ይመጣል።»

«ለዚህ ደግሞ ሰው ይቀጠራል? ጎረቤት የት ሄዶ?»

«ጎረቤትማ አለ አባባ። እኔ የምመጣው ጎረቤት ሲጨንቀው ነው።»

መልሷን ወደዱት፤ ግን እንዲህ በቀላሉ ሊለቋት አልፈለጉም። «አትቀየሚኝና ልጄ፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። ከትምህርት ቤት የመጣ ነገር ሐዘን ቤት ሲገባ እንዲያው ይቀዘቅዛል።»

«ታዲያ እርስዎ ያሙቁልኛ!» አለች ሰሊሃ እየሳቀች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የትምህርት ቤቱን ይተዉትና የራሴን ልንገርዎት። አባቴ ዓወል ነጋዴ ነበር። ሲሞት እኔ ሕፃን ነበርሁ፤ ‹ሐጅ ሄዷል› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሐጃጆች በተመለሱ ቁጥር በር ላይ ቆሜ የሚመጣውን ሁሉ ፊት ፊቱን አያለሁ። አንድ ዓመት ሐጂ ዓብዱራህማን ሲመለሱ ተምር ሰጡኝና ‹አባትሽ ልኮልሽ ነው› አሉኝ። ወላሂ፣ ሰውዬው በደግነት ነው ያደረጉት። እኔ ግን ያን ተምር እየበላሁ፣ ‹ተምር መላክ ከቻለ ራሱ ለምን አይመጣም?› አልሁ። ጠልቶኝ ነው ብዬ ቆረጥሁ። አባባ፣ አባቴ እየወደደኝ ሞቶ ሳለ፣ እኔ ጥሎኝ እንደ ሄደ ሰው ቆጥሬ ስንት ጊዜ ተቀየምሁት!»

አቶ ዘርአ ዳዊት ጉልበታቸው ላይ ያለውን ከረጢት ጠበቅ አድርገው ያዙ። በውስጡ ለአንዲት ሕፃን የገዙት ቀይ የሱፍ ሹራብ ነበረበት። ሲሰጧት ምን እንደሚሏት ትናንት ማታ አስበውበት ነበር፤ «እናትሽ ልካልሽ ነው» ሊሉ ነበር። አሁን ሹራቡ ከበዳቸው።

«እሱስ ያሳዝናል» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ያ አንቺ ነሽ። ልጅ ሁሉ አንድ አይደለም።»

«አይደለም። ግን ብዙ አየሁ። በቀደም አንዲት ሕፃን መናኸሪያ ተገኘች። አንዲት መንገደኛ ሴት ቀሚስ ሥር ተጠግታ፣ ልጇ መስላ ሚኒባስ ገብታ ነው ከተማ የደረሰችው። ‹የጻድቃኔ መኪና የትኛው ነው?› እያለች ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቃለች። እናቷ ጠበል ሄዳለች ተብላለች። አንድ ሰው ‹እናትሽን አውቃታለሁ፤ ነይ ልውሰድሽ› ብሎ እጇን ይዟት ሲሄድ አንዲት ቆሎ ሻጭ ተጠራጥራ ጮኸች። ሰውዬው ጥሏት ሮጠ፤ እኛም ልጅቱን ወደ ቤቷ መለስናት። ምን ሊያደርጋት እንደነበር አላህ ያውቃል። እሷ ግን ደስ ብሏት እየተከተለችው ነበር። ለምን አትከተለው? ሲነግሯት የኖሩት ነገር ነው የነገራት።»

አቶ ዘርአ ዳዊት ወደ እሷ ዞሩ። «ጻድቃኔ አልሽ?»

«አዎ።»

«የማን ልጅ ናት?»

«እሱን አልነግርዎትም፤ የሰው ገመና ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ።»

«የፊት ጥርሷ የወለቀ ነው?»

ሰሊሃ ቀና ብላ አየቻቸው። አስተያየቷ በቂ ነበር።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ልጅቱ ማርያማዊት ናት፤ ከአጥራቸው ማዶ የምትኖር። እናቷ አልታየች ደግሞ እጃቸው ላይ ያደገች ነበረች። በክርስትናዋ ዕለት አቅፈዋታል። ሕፃን ሳለች የባቄላ እሸት ይዛ እየሮጠች መጥታ፣ «አባባ ዘርዬ፣ ዐይንዎን ይጨፍኑ» እያለች አፋቸው ውስጥ ትጨምር ነበር። ያ የሰፈሩ ጓሮ፣ ያ እሸት፣ ያ ሳቅ አሁን የት አለ? አልታየች በክረምቱ መግቢያ ታማ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ገባች፤ ሳትድን ቀረች። ያን ጊዜ ቤተሰቡ «ለልጅቱ ምን እንበላት?» ብሎ ሲጨነቅ «ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ሄዳለች በሏት» ያሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ከዚያም ልጅቱ ከጻድቃኔ ጄሪካን ይዞ የሚመለሰውን ሰው ሁሉ «እማዬን አያችኋት?» ስትል፣ ደግ አገር ነውና ሁሉም «አዎ፣ ደህና ናት፤ ትመጣለች» ይላት ጀመር። እሳቸውም አንድ ቀን «ሰላም ብላሻለች» ብለዋታል። ዋሽተው የማያውቁት ሰው!

አንባቢ ሆይ፣ አቶ ዘርአ ዳዊት እዚህ ላይ እጃቸውን የሰጡ አይምሰልህ። ሽማግሌ በደነገጠ ጊዜ ነው ይበልጥ የሚከራከረው።

«እሺ፣ ተሳስተናል እንበል» አሉ ወደ ሰሊሃ ዞረው። «ታዲያ አሁን ቢነገራት አይብስባትም? ያን ለጋ አንጀቷን እንዴት አድርጎ ሰው ይቆርጠዋል?»

«ይከብዳታል አባባ፤ አይከብዳትም አልልዎትም። አሁንስ ቀሏት ነው? ለእናቷ እያለች ከምትበላው ቆርሳ ከትራስ ሥር ትደብቃለች። ሰው ሲተኛ ታለቅሳለች። እኔን ምን እንዳለችኝ ልንገርዎት? አሁን ካወቁ አልደብቅዎትም። ‹እማዬ ስለማስቸግራት ነው የማትመጣው› አለችኝ።»

«ኧረ በስመ አብ!»

«እውነቱን ያልሰጠነው ልጅ የራሱን እውነት ይሠራል። የሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሞት ይከፋል፤ ጥፋቱን ራሱ ላይ ያደርጋላ።»

«ማን ያጽናናታል? እኛ ትልልቆቹ እንኳ ስንት ሆነን ተደጋግፈን ነው።»

ሰሊሃ ይህችን ስትጠብቅ እንደነበረች ሁሉ ተመቻችታ ተቀመጠች። «አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በአልታየች ለቅሶ የሐዘኑ ባለቤት ማን ነበር?»

«ባሏ ብርሃነ መስቀል ነዋ። እኅቷ ፍቅርተማርያም። እኔም አለሁበት።»

«ማርያማዊትስ?»

አቶ ዘርአ ዳዊት የሹራቡን ከረጢት ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

«ከሁላችሁ ይበልጥ እናቷን ያጣችው እሷ ናት» አለች ሰሊሃ ለስለስ ብላ። «ባለቤቷን ጎረቤት ቤት ልካችሁ ለቅሶ ተቀመጣችሁ። ሰው ሁሉ ‹እግዜር ያጽናችሁ› ሲል ለእሷ ማንም አላላትም። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ትላላችሁ። እንዴት ትጩኽ? አልተረዳችማ!»

«አልተረዳችም» አሉ ሽማግሌው፣ ቃሉን በአፋቸው እያገላበጡ። ዕድሜ ልካቸውን «እገሌ ተረዳ፣ እገሊት ተረዳች» ሲሉ ኖረዋል፤ መርዶውን ሰማ ማለታቸው ነው። ለካ ያው ቃል ነገር ገባው ማለትም ነው። መርዶ ያልተነገረው ሰው ታዲያ ነገሩ እንዴት ይገባዋል? ይህን ሲያስቡ የወልደተንሣኤ ድምፅ የሰሙ መሰላቸው። ነፍሱን ይማረውና፣ ወልደተንሣኤ ዘወትር «ዘርአ ዳዊት፣ መርዶ መንገር ሐዘኑን መስጠት አይደለም፤ ሐዘኑ ቀድሞ ደርሷል፤ እኛ ብቻውን እንዳያገኘው ነው የምንሄደው» ይል ነበር።

መኪናው ቁልቁለቱን ጀመረ። ጉሙ ከቆላው በኩል እየወጣ መንገዱን ሸፈነው።

«እንግዲያው አንቺ ንገሪያት» አሉ። «ተምረሽበታል።»

«እኔ ለእሷ እንግዳ ነኝ። እንግዳ እንዲህ ያለውን አይናገርም፤ ይህንን ከእርስዎ ሰማሁት አይደል? እህል ቀምሳ፣ በገዛ ቤቷ፣ የምትወዳቸው ከበዋት፣ የሚይዛት እጅ ተዘጋጅቶ። ያወሩልኝ ወግ ሁሉ ለልጅ የሚስማማ ነው። እስካሁን ለትልልቆቹ ብቻ ሰስታችሁት ነው እንጂ። ከአባቷም ጋር ተነጋግረናል፤ ትናንት ማታ ከግንብ ሥራው ወደ ቤት ገብቷል፤ እኔም አሁን ወደ እነሱ ነው የምሄደው። አንድ ነገር ብቻ አደራ እልዎታለሁ።»

«ምን?»

«‹ዐረፈች› አይበሏት። ‹ሞተች› ይበሏት።»

«አይሆንም!» ሽማግሌው ተቆጡ። «በግ ነው የሚሞት! ለክርስቲያን ‹ዐረፈ› ነው የሚባል። አርባ ዓመት በዚህ ስሠራ ይቺን ቃል ለጠላት እንኳ አላልኋት።»

«ለትልቅ ሰው ክብር ነው አባባ። ልጅ ግን ዕረፍት የሚያውቀው ከትምህርት ቤት ነው። ደወል ሲደወል ያበቃል።»

አቶ ዘርአ ዳዊት ጋቢያቸውን ስበው ወደ መስኮቱ ዞሩ። የአንኮበሯ ጎረቤላ ከተማ ሲደርሱ ግን ቀድመው ወርደው እጇን ይዘው አወረዷት፤ ሰሊሃም ይህን እንደ እሺታ ቆጠረችው።

ወደ ማርያማዊት ቤት ሲቃረቡ አቶ ዘርአ ዳዊት እንደ ልማዳቸው ከአጥሩ ውጭ ቆመው «በደህና…» ብለው ጀመሩና ቀሪውን ዋጡት። ማርያማዊት ድምፃቸውን ሰምታ እየሮጠች ወጣች። «አባባ ዘርዬ! በጻድቃኔ አለፉ?»

«አላለፍሁም የኔ እናት። ይሄን ግን ገዛሁልሽ» አሉና ሹራቡን አወጡ።

«እማዬ ናት የላከችው?»

«አይደለችም። እኔ ነኝ የገዛሁት፣ በራሴ።»

ይህች የመጀመሪያዋ እውነት ነበረች።

አክስቷ ፍቅርተማርያም ነገሩን ከሰሊሃ ስትሰማ በጓሮ በኩል ወስዳ አቶ ዘርአ ዳዊትን ተማጠነቻቸው። «ጋሼ፣ አትንገሯት ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ። አሁንም እንንገራት የምለው እኔው ነኝ። በእኔ ቃል የጠፋች ልጅ ናት፤ መናኸሪያ የሰው እጅ ላይ ልትወድቅ ነበር። ምሳዋን አብያት።»

ልጅቱ ምሳዋን በላች። ቤቱ ውስጥ በቀን ብርሃን፣ አባቷ ብርሃነ መስቀል በአንድ ጎኗ፣ አክስቷ ከኋላዋ ተቀመጡ። ሰሊሃ ራቅ ብላ ከበሩ አጠገብ ሆነች። አቶ ዘርአ ዳዊት ዱካ የሚሉትን አጭር በርጩማ ስበው ከልጅቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ዐይናቸው ከዐይኗ ትክክል ሆነ። ስንቱን ትልቅ ሰው ያረዱት ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጀመሩ።

«ማርያማዊት፣ እናትሽ ጠበል አልሄደችም። እኔ ነኝ እንዲያ ያስባልኩት፤ ውሸት ነበር። ይቅር በይኝ። እናትሽ በጣም ታማ ሐኪም ቤት ገብታ ነበር። ሐኪሞቹ ለማዳን ሞከሩ፤ አልቻሉም። እናትሽ… ዐርፋለች።»

ልጅቱ አሰበች። «ደክሟት ነበር?»

«አዎ፣ በጣም ደክሟት ነበር።»

«አርፋ ስትጨርስ ትመጣለች?»

አቶ ዘርአ ዳዊት ወደ ሰሊሃ አዩ። ሰሊሃ ግን ቃሉን ለሳቸው ተወችው። በዚያች ቅጽበት ያ የሚያምር፣ ያ የከበረ የአባቶች ቃል ለዚች ልጅ ሌላ ጻድቃኔ ሆኖ ሌላ መንገድ ሊያስወጣት እንደሆነ ገባቸው።

«አትመጣም የኔ ልጅ። ሞታለች። የሞተ ሰው አይመለስም። ብትችል ኖሮ ወደ አንቺ ትመጣ ነበር፤ ስለማትችል ነው።»

ማርያማዊት ወደ አባቷ ዞረች። ብርሃነ መስቀል ፊቱን ሳይሸፍን ያለቅስ ነበር። «አባዬ አሁን ነው የሰማው?»

«አይደለም። እሱ ያኔ ሰምቷል። ያኔ ሁላችንም አልቅሰናል።»

«ሁላችሁ? ሰፈሩ በሙሉ?»

«ሰፈሩ በሙሉ።»

«እኔን ሳትጠሩ?»

አክስቷ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች። ልጅቱ «ስላስቸገርኳት ነው?» ብላ ስትጨምር ሰሊሃ ከበሩ ተነሥታ መጣችና፣ «አይደለም ማሬ። በሽታ ነው የገደላት። አንቺ ያደረግሽው ምንም ነገር የለም፤ ምንም» አለቻት። ያን ጊዜ ማርያማዊት ጮኸች። አባቷ ያዛት፤ አክስቷም ያዘቻት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ለወራት የተጠራቀመው እስኪወጣ ብዙ ቆየ። አቶ ዘርአ ዳዊት ከዱካው ተነሡና ለትልቅ ሐዘንተኛ እንደሚደረገው ጎንበስ ብለው፣ «እግዜር ያጽናሽ» አሏት። ይህን ቃል የሰማችበት የመጀመሪያ ቀን ነበር።

በማግስቱ እሑድ ሰዎች ከቅዳሴ ሲወጡ ሽማግሌው ሰፈሩን ጠሩ። የለቅሶው ወንበር እንደገና ተደረደረ። ሰው ሁሉ እየገባ በመጀመሪያ ከማርያማዊት ፊት እየቆመ «እግዜር ያጽናሽ» አላት፤ እሷም አክስቷ እንዳሳየቻት «አሜን» አለች። ሴቶቹ ስለ አልታየች አወጉላት። ባቄላ እሸት እየቆረጠች ለሽማግሌ እንዴት ታጎርስ እንደነበር ስትሰማ ማርያማዊት በእንባዋ መሐል ሳቀች፤ አቶ ዘርአ ዳዊት ግን አልቻሉም፤ ወደ ውጭ ወጥተው ጋቢያቸው ውስጥ አለቀሱ። ከሰዓት በኋላ አባቷ ይዟት ወደ መቃብሩ ሄደ።

ሰሊሃም ከዚያ በኋላ ደጋግማ መጣች፤ አባትና አክስት ከልጅቱ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ አስተማረቻቸው፤ ትምህርት ቤቷም እንዲያውቅላት አደረገች። እውነት መናገር የሚያስገኘውን ጥቅም መጠየቅ ለሚወድ ሰው መልሱ ይኸው። ማርያማዊት መንገደኛ መጠየቅ ተወች፤ ከዚያ ወዲህ ከቤት ጠፍታ አታውቅም። እንጀራ ከትራስ ሥር መደበቋ ቀረ። ጥላኝ ሄደች ማለቷ ቀርቶ «እማዬ ትወደኝ ነበር» ማለት ጀመረች። አንዳንድ ቀን አሁንም ታለቅሳለች፤ ሲያስለቅሳት ግን ወደ አክስቷ ጉልበት ትመጣለች። ከአዋቂዎቹ አፍ የሚወጣውን ነገርም እንደገና ማመን ቻለች፤ ይህ ከሁሉ ይበልጣል፤ ልጅ የቤቱን ሰው ካላመነ የመንደሩን ሌባ ያምናልና።

በወሩ መጨረሻ በዕድሩ ስብሰባ አቶ ዘርአ ዳዊት ተነሡና አሳባቸውን አቀረቡ። ከእንግዲህ ወዲያ ሰው በሞተ ጊዜ ልጆች ያሉ እንደሆነ፣ ድንኳን ከመተከሉ አስቀድሞ ሁለት ሰው ለልጆቹ ይመደብ፤ እውነቱ በወግ ይነገራቸው፤ ከለቅሶውም አይራቁ አሉ። ብዙው ተስማማ። ገብረመንፈስቅዱስ የሚባሉ እኩያቸው ብቻ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ዘርአ ዳዊት፣ አንተ ሰው፣ ዕድሜህን ሙሉ ለልጅ አይነገርም ስትለን ኖረህ! ልጁ ቢያለቅስብንስ?» አሏቸው።

«ገብሬ፣ ሳንነግራቸውም ሲያለቅሱ ነበር» አሉ አቶ ዘርአ ዳዊት። «ብቻቸውን።»

አቶ ገብረመንፈስቅዱስም ከጋቢያቸው ውስጥ እጃቸውን ለድጋፍ አወጡ።